ከደም ወደ ንፍፊት፣ ከንፍፊት ወደ ደም፦ የሊምፎሳይቶች ዑደት

በሲቢሲ (የደም ሕዋሳት ቆጠራ) የደም ምርመራ ወረቀት ላይ «ሊምፎሳይት» (ሰውነትን ከባዕድ ነገር የሚከላከል ነጭ የደም ሕዋስ) ከሚለው ጎን የሚጻፈው ቁጥር የሚናገረው መንገድ ላይ ስላሉት ሕዋሳት ብቻ ነው። ጤነኛ አዋቂ በአንድ ማይክሮሊትር ደም ውስጥ ከ1,000 እስከ 4,000 ገደማ ሊምፎሳይት ይኖረዋል። 2,000ን ወስደን በ5 ሊትር ደም ብናሰላው 10 ቢሊዮን ይመጣል። ብዙ ይመስላል፤ ግን በየትኛውም ቅጽበት ደም ውስጥ የሚገኙት ከጠቅላላው 2 በመቶ ያህሉ ናቸው። የቀሩት በንፍፊቶች (በሊምፍ ኖዶች)፣ በጣፊያ፣ በአንጀት ግድግዳና በመቅኔ ውስጥ ናቸው።

ስለዚህ ይህ ቁጥር አንድም ሕዋስ ሳይወለድ ሊያሻቅብ፣ አንድም ሳይሞት ሊያሽቆለቁል ይችላል። የንፍፊት መግቢያ ሲዘጋ ደሙ ይሞላል፤ መውጫው ሲዘጋ ደሙ ይራቆታል። ሕሙማንን የሚያስደነግጡ በርካታ የላቦራቶሪ ውጤቶች የሚገቡን ሕዋሳቱ በየት በኩል እንደሚገቡ፣ ምን ያህል እንደሚቆዩና ምን እንደሚያስወጣቸው ስናውቅ ነው።

መዞር ለምን አስፈለገ?

ሊምፎሳይቶች በዋናነት ቲ ሴልና ቢ ሴል ናቸው፤ እያንዳንዱም የሚለየው አንድ ዓይነት ባዕድ ነገር ነው። ከዚህ ቀደም ጠላት አጋጥሟቸው ከማያውቁት ቲ ሴሎች መካከል ለአንድ የተወሰነ የቫይረስ ቁራጭ የሚስማማ ተቀባይ ያለው ከ100,000 አንዱ፣ አንዳንዴም ከሚሊዮን አንዱ ብቻ ነው። ቫይረሱ ደግሞ በእግር ጣት ይግባ በጉሮሮ አስቀድሞ የሚያውቅ የለም። ያ አንድ ሕዋስ ቆዳውንም ሳንባውንም አንጀቱንም እየዞረ ይፈልግ ቢባል ዕድሜው አይበቃውም። የማይተዋወቁ ሁለት ሰዎች ያለ ቀጠሮ የሚገናኙት ሁለቱም ገበያ ሲወጡ ነው፤ ንፍፊት ያ ገበያ ነው። ከየአካባቢው የተለቀመው የባዕድ ናሙና ከሕዋሳት መካከል ተሰብስቦ በራሱ ቱቦዎች ወደ ደም በሚመለሰው የሊምፍ ፈሳሽ ተጭኖ ይመጣል፣ ሊምፎሳይቱ በደም ይመጣል። የሚፈልገውን ያጣ ሊምፎሳይት በማግስቱ ሌላ ንፍፊት ውስጥ ይሞክራል።

ዑደቱ መኖሩ የተረጋገጠው እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ መጨረሻና በ1960ዎቹ መጀመሪያ ነው። ከዚያ በፊት አንድ ግራ የሚያጋባ ነገር ነበር። 40 ሴንቲ ሜትር ያህል ርዝመት ያለው የደረት ሊምፍ ቱቦ በየቀኑ ወደ ደም የሚያፈሰው የሊምፎሳይት ብዛት በደም ውስጥ ያሉትን ሁሉ በቀን ደጋግሞ ለመተካት ይበቃል። የደሙ ቁጥር ግን አይጨምርም። ታዲያ የት ይገባሉ? ብዙዎች ይሞታሉ ወይም ወደ ሌላ ሕዋስ ይለወጣሉ ብለው ያስቡ ነበር። በኦክስፎርድ የነበረው ጄምስ ጋወንስ በአይጦች ደረት ቱቦ ውስጥ ቀጭን ቱቦ አስገብቶ ሊምፉን ለቀናት ወደ ውጭ አፈሰሰው፤ የሚወጣው የሊምፎሳይት ቁጥር ክፉኛ ወረደ። ሕዋሳቱን ወደ አይጦቹ ደም ሲመልሳቸው ግን ቁጥሩ እንደነበረ ቀጠለ። በሬዲዮአክቲቭ ምልክት የተደረገባቸውን ሲከታተል ደግሞ በንፍፊቶች ውስጥ ካሉ ልዩ ደም መልሶች ግድግዳ ሾልከው ሲገቡ፣ ከዚያም በሊምፍ በኩል ተመልሰው ሲወጡ አገኛቸው። ያ ሁሉ ሕዋስ አዲስ የተወለደ ሳይሆን ያው የሚዞረው ነበር።

መግቢያው

በሰው ሰውነት ውስጥ 600 ገደማ ንፍፊቶች አሉ። አብዛኞቹ ከ1 ሴንቲ ሜትር ያነሱና ባቄላ መሰል ናቸው። በብብት፣ በብሽሽት፣ በአንገትና በመንጋጋ ስር ያሉት በእጅ ይዳሰሳሉ፤ በደረትና በሆድ ውስጥ ያሉት በምስል ምርመራ ካልሆነ አይታዩም። የንፍፊቱ ጎባጣ ጎን ሊምፍ የሚያመጡ ብዙ ቱቦዎች የሚገቡበት ነው፤ ሰርጓዳው ጎን ደግሞ ደም ስሮች የሚገቡበትና የሚወጡበት፣ ሊምፉም የሚሰናበትበት ነው።

ሊምፎሳይት በሁለቱም መንገድ ሊገባ ይችላል፤ ነገር ግን 90 በመቶ ያህሉ የሚገባው በደም በኩል ነው። መግቢያው ግድግዳቸው በወፋፍራም ሕዋሳት የተነጠፈ ትንንሽ ደም መልሶች ናቸው። በሌላው የሰውነት ክፍል የደም ስር ውስጠኛ ሽፋን ስስና ጠፍጣፋ ነው፤ እዚህ ግን ይወፍራል፣ ሊምፎሳይት የሚረዳቸውን ምልክቶችም ይለብሳል።

አገባቡ አራት እርከን አለው። መጀመሪያ፣ ከሊምፎሳይቱ ገጽ ወጣ ወጣ ባሉ ጥቃቅን ጣቶች ጫፍ ላይ ያለው ኤል-ሴሌክቲን የተባለ ፕሮቲን በግድግዳው ላይ ያለውን የስኳር ሽፋን ይነካል። አያያዙ ደካማ ነው፤ ይይዛል ይለቃል፣ ይይዛል ይለቃል። በዚህ የተነሳ ከደሙ ጋር ይከንፍ የነበረው ሕዋስ ግድግዳውን ተጠግቶ በዝግታ መንከባለል ይጀምራል። ሲንከባለል፣ በግድግዳው ላይ የተለጠፈውን ሲሲኤል21 የተባለ ኬሞካይን (ሕዋስ ጠሪ ፕሮቲን) ሲሲአር7 በሚባለው ተቀባዩ ያነበዋል። ይህ ንባብ ሦስተኛውን እርከን ያስነሳል፦ በሕዋሱ ላይ ታጥፎ የቆየው ኤልኤፍኤ-1 የተባለ ኢንተግሪን (አጣባቂ ፕሮቲን) ይዘረጋና በግድግዳው ላይ ያለውን አይካም-1 ጨብጦ ይይዛል። አሁን ሕዋሱ ቆሟል። ደሙ ቢገፋውም አይነቃነቅም። በመጨረሻ ግድግዳው ላይ እየዳኸ ስንጥቅ ይፈልግና ራሱን አጥብቦ ይሾልካል፤ ይህኛው ጥቂት ደቂቃዎች ይፈጃል።

ከእነዚህ አንዱ ከጎደለ መግባት የለም። ኒውትሮፊል የተባለው ሌላው ነጭ የደም ሕዋስ ኤል-ሴሌክቲን ስላለው በዚያው ግድግዳ ላይ ይንከባለላል፤ በተለመደው ጊዜ ሲሲአር7 ስለሌለው ግን ሳይቆም ያልፋል።

ሁለተኛው እርከን ሲበላሽ ምን እንደሚሆን በግልጽ የሚያሳየው ትክትክ ነው። ባክቴሪያ ሰውነት ሲገባ በደም ውስጥ የሚጨምሩት ብዙውን ጊዜ ኒውትሮፊሎች ናቸው። በትክትክ ግን የሚያሻቅበው ሊምፎሳይት ነው። ምክንያቱም የትክትክ ባክቴሪያ የሚረጨው መርዝ ከሲሲአር7 ወደ ሕዋሱ ውስጥ የሚያልፈውን መልእክት ይቆርጠዋል። ሊምፎሳይቱ ይንከባለላል፣ ኬሞካይኑን ይነካል፣ ግን «ቁም» የሚለው ትእዛዝ አይደርሰውም። ከንፍፊት የወጣው ተመልሶ መግባት ስለማይችል ደም ውስጥ ይከማቻል። በጠና በታመሙ ጨቅላዎች ጠቅላላ የነጭ ደም ሕዋስ ቁጥር በማይክሮሊትር ከ100,000 ሊያልፍ ይችላል፤ ያኔ የሳንባ ጥቃቅን ደም ስሮች በሕዋስ ይታፈናሉ፣ በውስጣቸው ያለው ግፊትም ለሕይወት በሚያሰጋ ደረጃ ይጨምራል። ሳሉ በማያባራ ሕፃን ላይ የሊምፎሳይት ቁጥር በጣም ከፍ ብሎ ከተገኘ ሐኪም ትክትክን የሚጠረጥረው በዚህ ምክንያት ነው።

በሦስተኛው እርከን የሚሠሩትን ኢንተግሪኖች በዘር ጉድለት ሳይዙ የሚወለዱ ሕፃናትም አሉ። በዋናነት የሚጎዱት ኒውትሮፊሎች ናቸው፤ ከደም ስር ወጥተው ቁስል ላይ መድረስ አይችሉም። የልጁ እትብት ከ3 ወይም 4 ሳምንት በላይ ሳይወድቅ ይቆያል፣ ደሙ በኒውትሮፊል ሞልቶ ቁስሉ መግል አይቋጥርም።

ከገቡ በኋላ

የንፍፊት ውስጥ ክፍት አዳራሽ አይደለም። ልዩ ሕዋሳት የዘረጉት የክር መረብ ከዳር እስከ ዳር ይሞላዋል፤ ቲ ሴሎች የሚጓዙት በዚህ መረብ ላይ ነው። ክሮቹ ውስጣቸው ክፍት ስለሆነ ከሊምፍ የመጡ ትንንሽ ሞለኪውሎችን ወደ መሃል ያደርሳሉ። እ.ኤ.አ. በ2002 በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ኧርቫይን የነበሩ ተመራማሪዎች ሕይወት ባለው የአይጥ ንፍፊት ውስጥ ሕዋሳት ሲንቀሳቀሱ በልዩ የሌዘር ማይክሮስኮፕ ሲያዩ፣ ቲ ሴሎች በደቂቃ ከ10 እስከ 12 ማይክሮሜትር፣ ቢ ሴሎች ደግሞ 6 ማይክሮሜትር ገደማ ሲጓዙ ተገኙ። ሊምፎሳይት ራሱ 7 ማይክሮሜትር ያህል ስለሆነ ቲ ሴሉ በየደቂቃው ከቁመቱ የሚበልጥ መንገድ ይሄዳል ማለት ነው። አቅጣጫውን በየጥቂት ደቂቃው እየቀየረ ይዞራል እንጂ ቀጥ ብሎ ወደ አንድ ቦታ አያመራም።

የሚፈልገውን የሚያሳየው ዴንድሪቲክ ሴል ነው። ይህ ሕዋስ በቆዳ፣ በሳንባና በአንጀት ተሰራጭቶ ባዕድ ነገር ይውጣል፤ የአደጋ ምልክት ሲያገኝ ደግሞ ያንኑ ሲሲአር7 ያበቅልና በሊምፍ ቱቦ በኩል ወደ ንፍፊት ይነሳል። ከቆዳ ተነስቶ እስኪደርስ አንድ ቀን ያህል ይወስድበታል። በሁለት የተለያየ መንገድ የሚመጡት ሁለቱ ሕዋሳት ንፍፊቱ ውስጥ አንድ ሰፈር የሚደርሱት አንድ ዓይነት ተቀባይ ስላላቸው ነው። አንድ ዴንድሪቲክ ሴል ቅርንጫፎቹን ዘርግቶ በሰዓት ከመቶዎች እስከ ሺዎች የሚደርሱ ቲ ሴሎችን ይነካል፤ ከሚሊዮን አንዱን ፈልጎ ማግኘት የሚቻለው በዚህ ፍጥነት ነው። ቢ ሴሎች በሌላ ኬሞካይን ተስበው ወደ ንፍፊቱ ዳር ይሄዳሉ፤ እዚያ በሊምፉ የመጣውን ባዕድ ነገር ማክሮፋጅ የተባሉ ዋጭ ሕዋሳት ይዘው ያቀብሏቸዋል።

መውጫው

ቲ ሴል የሚፈልገውን ካላገኘ ከ12 እስከ 18 ሰዓት ገደማ ቆይቶ ይወጣል፤ ቢ ሴል አንድ ቀን ያህል ይቆያል። ሰዓቱን የሚጠብቀው ኤስ1ፒ የተባለ የስብ ሞለኪውል ነው። ኤስ1ፒ በደምና በሊምፍ ውስጥ ብዙ ነው፤ በንፍፊቱ ሥጋ ውስጥ ግን ኢንዛይም ስለሚያፈርሰው በጣም ጥቂት ነው። ሊምፎሳይቱ በደም ውስጥ እያለ በኤስ1ፒ ስለተጥለቀለቀ ተቀባዩን ወደ ውስጥ ሰብስቧል። ስለዚህ እንደገባ መውጫውን ማሽተት አይችልም። ሰዓታት ሲያልፉ ተቀባዩ ቀስ በቀስ ወደ ገጹ ይመለሳል፤ ያኔ ኤስ1ፒ ወደበዛበት የሊምፍ መተላለፊያ ይሳባል፣ ይወጣል። ቀጥሎ ወዳለው ንፍፊት፣ ከዚያ ወደ ደረት ቱቦ፣ በመጨረሻም በግራ በኩል ከአንገት ስር ወዳለው ትልቅ ደም መልስ ይፈስሳል።

ይህን መውጫ ሆን ብሎ የሚዘጋ መድኃኒት አለ፦ ፊንጎሊሞድ። በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ2010 የተፈቀደ፣ የመልቲፕል ስክለሮሲስን (የሰውነት መከላከያ አንጎልንና ሕብለ ሰረሰርን የሚያጠቃበት በሽታ) ሂደት የሚገታ የመጀመሪያው በአፍ የሚወሰድ መድኃኒት ነው፤ ለአዋቂ በቀን አንድ ጊዜ 0.5 ሚሊግራም ይወሰዳል። የኤስ1ፒ ተቀባይን ከሊምፎሳይቱ ገጽ ስለሚያስወግድ ሕዋሱ ንፍፊት ውስጥ ይቀራል፣ ወደ አንጎል የሚደርሰው የጥቃት ኃይልም ይቀንሳል። ከመነሻው የደም ሊምፎሳይት ቁጥር 20 ወይም 30 በመቶው ብቻ ይቀራል። ይህን ወረቀት መድኃኒቱን የማያውቅ ሰው ቢያየው ሕዋሳቱ አልቀዋል ሊል ይችላል፤ ግን ተይዘው እንጂ ሞተው አይደለም፣ መድኃኒቱ ሲቆም በሳምንታት ውስጥ ይመለሳሉ። ይህ ማለት ጉዳት የለውም ማለት አይደለም። የጉድፍ በሽታ ይዟቸው የማያውቅና ያልተከተቡ ሰዎች ከመጀመራቸው በፊት መከተብ አለባቸው፤ ያንኑ ቫይረስ ተኝቶ የያዙ ደግሞ አልማዝ ባለጭራ ሊነሳባቸው ይችላል። ልብም የኤስ1ፒ ተቀባይ ስላላት የመጀመሪያው እንክብል የልብ ምት ያዘገያል፤ ለዚህ ነው ታማሚው ለ6 ሰዓት ክትትል የሚደረግለት። መድኃኒቱን በራስ ፈቃድ ማቋረጥም በሽታውን በከፋ መልኩ ሊመልሰው ይችላል።

ንፍፊት ለምን ያብጣል?

ኢንፌክሽን ሲመጣ ሰውነት ራሱ ተመሳሳይ ነገር ያደርጋል። ኢንተርፌሮን የተባለው የማንቂያ ፕሮቲን በሊምፎሳይቱ ላይ ሲዲ69 የተባለ ፕሮቲን ያስወጣል፤ ሲዲ69 የኤስ1ፒን ተቀባይ ጎትቶ ያወርደዋል። መውጫው ለአንድ ቀን ወይም ለጥቂት ቀናት ይዘጋል። በዚያው ጊዜ ወደ ንፍፊቱ የሚመጣው ደም ቅዳ ስለሚሰፋ የሚገባው ይበዛል። ገቢው ጨምሮ ወጪው ሲቆም ንፍፊቱ በአንድና በሁለት ቀን ውስጥ ይተልቃል። የክር መረቡም ይፈቅድለታል፦ የመጡት ዴንድሪቲክ ሴሎች ክሩን የያዙትን ሕዋሳት ሲነኳቸው ውጥረታቸው ይላላል፣ መረቡ ሳይበጠስ ይለጠጣል።

የሚስማማውን ያገኘ ቲ ሴል በአይጦች ላይ እንደታየው በመጀመሪያዎቹ 8 ሰዓታት ገደማ እየነካ ያልፋል፣ ከዚያ ለ12 ሰዓት ያህል አንዱ ዴንድሪቲክ ሴል ላይ ተጣብቆ ይቆማል፣ በሁለተኛው ቀን እንደገና መሄድና መባዛት ይጀምራል። በቀን ከ2 እስከ 4 ጊዜ ይከፈላል። አንድ ሕዋስ 10 ጊዜ ሲከፈል 1,024፣ 15 ጊዜ ሲከፈል 32,768 ይሆናል። ቢ ሴሎች የሚሰለጥኑበት ማእከል የሚደራጀው ደግሞ በሳምንት ገደማ ነው፣ ከዚያም ለሳምንታት ይሠራል። ጉሮሮው ድኖ ያበጠው የአንገት ንፍፊት ሁለት ሦስት ሳምንት ቢቆይ እንግዳ ነገር አይደለም። በክንድ ላይ ክትባት ከተወሰደም በዚያው በኩል ያለው ብብት ሊያብጥ ይችላል፤ በዚያ ሰሞን የጡት ምርመራ ካለ የትኛው ክንድ መቼ እንደተወጋ ለባለሙያው መንገር ከአላስፈላጊ ድንጋጤ ያድናል።

ሰልጥኖ የሚወጣው ቲ ሴል ደግሞ አድራሻ ይዞ ይወጣል። የአንጀት ዴንድሪቲክ ሴሎች ከቫይታሚን ኤ የሚሠሩት ሬቲኖይክ አሲድ ቲ ሴሉ ላይ አልፋ4-ቤታ7 የተባለ ኢንተግሪን ያስበቅላል፤ ይህም የሚገጥመው በአንጀት ደም ስሮች ላይ ካለ ፕሮቲን ጋር ነው። ቬዶሊዙማብ የተባለው የክሮንስና የአልሰረቲቭ ኮላይተስ (ሥር የሰደዱ የአንጀት ብግነቶች) መድኃኒት ይህን አንድ አድራሻ ብቻ ይሸፍናል። ከእሱ በፊት የመጣው ናታሊዙማብ ግን ወደ አንጎል የሚወስደውንም ይከለክላል፤ እ.ኤ.አ. በ2004 ተፈቅዶ በ2005 መጀመሪያ ከገበያ የተነሳው ጠባቂ ያጣው ጄሲ ቫይረስ የአንዳንድ ታማሚዎችን አንጎል ስላጠቃ ነው። በ2006 በጥብቅ ቁጥጥር ተመልሷል።

ወረቀቱን ስናነብ

ኢብሩቲኒብ የተባለውን መድኃኒት የጀመረ ሥር የሰደደ የሊምፎሳይት ሉኬሚያ ታማሚ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት አንገቱ ላይ ያለው እብጠት ሲሟሽሽ የደሙ ሊምፎሳይት ግን ሲያሻቅብ ያያል። በሽታው የባሰ ይመስላል። የሆነው ግን መድኃኒቱ የካንሰር ሕዋሳቱን ንፍፊት ውስጥ ያጣበቃቸውን ኃይል ማላላቱ ነው፤ ከተመቻቸ ቦታቸው ተፈናቅለው ደም ውስጥ ይንሳፈፋሉ፣ ከጊዜ በኋላም ይቀንሳሉ። ሌሎቹ ምልክቶች እየተሻሻሉ ከሆነ ይህ ቁጥር ብቻውን መድኃኒት አያስቀይርም።

አንድ ጊዜ የተወሰደ ፕሬድኒሶሎንም (እንደ ኮርቲሶል የሚሠራ የስቴሮይድ መድኃኒት) ከ4 እስከ 6 ሰዓት ባለው ጊዜ የደሙን ሊምፎሳይት ያወርዳል፣ በማግስቱ ይመለሳል። የሰውነት ተፈጥሯዊ ኮርቲሶልም ጠዋት ከፍ ስለሚል የጠዋቱ ቁጥር ከማታው ያንሳል። ውጤት ከውጤት የሚወዳደር ከሆነ ደሙ በተመሳሳይ ሰዓት ቢወሰድ ይመረጣል።

በኤችአይቪ ደግሞ ወረቀቱ ከእውነታው ያነሰ ጉዳት ያሳያል። ቫይረሱ በገባ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት በአንጀት ግድግዳ ያሉት ሲዲ4 የተባሉ ቲ ሴሎች በብዛት ሲያልቁ የደሙ ቁጥር ያን ያህል አይወርድም። ሕክምናው ሲዘገይ የንፍፊቱ የክር መረብ በጠባሳ ይተካል፤ ቫይረሱ በመድኃኒት ከተገታ በኋላም ሲዲ4 እንደሚጠበቀው የማያድግባቸው ሰዎች ላይ ይህ አንዱ ምክንያት ነው።

መቼ ሐኪም ጋ መሄድ?

ከ1 ሴንቲ ሜትር (በብሽሽት ከ1.5) የበለጠ፣ ከ4 እስከ 6 ሳምንት ያልቀነሰ፣ ጠጣር ሆኖ ከስሩ የማይነቃነቅ፣ ወይም ትኩሳት፣ የሌሊት ላብና የክብደት መቀነስ የተከተለው ንፍፊት መታየት አለበት። ከአንገትጌ አጥንት በላይ ባለው ጎድጓዳ ቦታ የወጣ ግን ትንሽም ቢሆን አይጠበቅም፤ ከደረትና ከሆድ የሚመጣው ሊምፍ በዚያ ስለሚያልፍ የውስጥ ካንሰር መጠቆሚያ ሊሆን ይችላል።

በኢትዮጵያ ከቲቢ ሕሙማን አንድ ሦስተኛ ያህሉ ቲቢው ከሳንባ ውጭ ነው፤ ከእነዚህ ብዙዎቹ የንፍፊት ቲቢ፣ በተለይም የአንገት፣ ያለባቸው ናቸው። ባክቴሪያው የሚጓዘው በዚያው መንገድ ነው፦ የዋጠው ዴንድሪቲክ ሴል ተሸክሞ ወደ ንፍፊት ያመጣዋል። ግን ቀስ ብሎ። የቲ ሴሎቹ ምላሽ በቆዳ ምርመራ እስኪታይ ከ2 እስከ 8 ሳምንት ይፈጃል፣ በዚህ መሃል ባክቴሪያው ይደላደላል። እብጠቱ ብዙ ጊዜ አያምም፤ ንፍፊቶቹ እርስ በርስ ይጣበቃሉ፣ ካልታከሙ ፈንድተው ይመግላሉ። ምርመራው በቀጭን መርፌ በሚወሰድ ናሙናና በጂን ኤክስፐርት (የባክቴሪያውን ዘረመል የሚለይ ምርመራ) ሲሆን የተለመደው ሕክምና 6 ወር ነው፦ 2 ወር በአራት መድኃኒት፣ 4 ወር በሁለት።

ሕክምናው ከተጀመረ በኋላ በአንዳንድ ሰዎች ላይ ንፍፊቱ ከበፊቱ ይበልጥ ያብጣል፣ አዲስም ሊወጣ ይችላል። ከሚሞቱት ባክቴሪያዎች የሚፈሰው ስብርባሪና ኃይላቸውን ያገገሙ ሕዋሳት ወደ ቦታው መጉረፍ የሚያመጣው ነው እንጂ ብዙውን ጊዜ መድኃኒቱ አለመሥራቱን አያሳይም። ኤችአይቪ ያለባቸውና ፀረ ኤችአይቪ የጀመሩ ሰዎች ላይ ይበልጥ ይታያል። ሐኪሙ መድኃኒቱ በትክክል መወሰዱንና ባክቴሪያው መድኃኒቱን የተላመደ አለመሆኑን አጣርቶ፣ ካስፈለገ መግሉን በመርፌ ይቀዳል ወይም ፕሬድኒሶሎን ይጨምራል። እንክብሉ አይቋረጥም።